ዝናብ በቀረ ጊዜ ማን ይጠየቃል?

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህን አጭር መንገድ በሐረጎ ጠመዝማዛ የሚወርድ ሰው ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,900 ሜትር በታች በሜዳው ላይ ትገኛለች። ላይ ሳለ ጋቢውን የተከናነበ መንገደኛ ታች ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ በትከሻው ላይ ይጥላል። የሁለቱም ከተሞችና የዙሪያቸው ገጠር ሰው ግን በየዓመቱ በየካቲትና በመጋቢት አንድ ዓይነት ሥራ አለው፤ ቀና ብሎ ሰማዩን ይመለከታል። በልግ መጣ ወይስ ቀረ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በልግ በቀረበት በአንድ ወቅት፥ ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አነሣ። የዕለቱ ትምህርት ስለ ፍጥረት ነበር። ልጁም ዝናቡ የቀረው ማን በድሎ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። እኔ ሁላችንም ኃጢአተኞች እንደ ሆንን፥ መጸለይም እንደሚገባን በችኮላ መለስሁለትና ወደ ጀመርሁት ትምህርት ተመለስሁ። መልሱ በቃል ሲታይ ስሕተት የለበትም። በኋላ ግን የልጁ አባት በዚያው ሳምንት የእርሻ በሬውን ወደ ገበያ አውጥቶ እንደ ሸጠ ሰማሁ። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ዓለም ኃጢአት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ሊያውቅ የፈለገው አባቱ በድሎ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ነበር። እኔም ሳላስበው «አዎን» ብዬ መልሼለት ነበር።

ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀን በሚገባ ሳይመለስ ለቀረው ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው። ጥያቄው የአንድ ሕፃን ብቻ አይደለም፤ በወሎ ምድር ለተወለደ ሰው ሁሉ የቆየ ጥያቄ ነው። ዝናብ በቀረ ጊዜ የሚጠየቀው ማን ነው? ሰማዩ ነውን? እግዚአብሔር ነውን? ወይስ ሰው?

የሰማዩ ድርሻ

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ አስቀድመን የሰማዩን ሥራ እንመልከት። በአካባቢያችን ዝናብ የሚጥለው በሁለት ወቅቶች ነው። የመጀመሪያው በልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ግንቦት የሚዘልቅ ሲሆን፥ እርጥበቱን ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ያመጣዋል። ሁለተኛው ክረምት ነው፤ የዝናቡ መቀነት ወደ ሰሜን በሚወጣበት ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስከረም ይጥላል።

በልግ ለከተማ ሰው አቧራ የሚያስተኛ ዝናብ መስሎ ሊታየው ይችላል። ለደገኛው ገበሬ ግን የዓመት ቀለብ ነው፤ የበልግ ገብሱን ዘርቶ ክረምቱ ሳይጠና የሚሰበስበው በዚህ ዝናብ ነው። ለቆለኛው ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ነው። ለከብቱ ሣር፥ ለምንጩ ውሃ የሚሰጠውም ይኸው ዝናብ ነው። ስለዚህ በልግ ሲቀር አንድ ሰብል ብቻ አይቀርም። የደጋው ገብስ፥ የቆላው ማሽላና የበሬው ጉልበት በአንድነት ይጎዳሉ። በሬው ከሲታ ሆኖ ክረምት ከገባ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ መልካም ቢሆን እንኳ መሬቱ በወቅቱ አይታረስም።

እንግዲህ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ የዓመት ዝናብ በአማካይ አንድ ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ይህ መጠን ስንዴ በብዛት አምርተው ለሌላው ዓለም ከሚሸጡ ብዙ አካባቢዎች ዝናብ ይበልጣል። በደቡብ ወሎ የተደረጉ ጥናቶችም የሚያሳዩት፥ እጅግ የሚዋዥቀውና የማይታመነው በልጉ መሆኑን ነው፤ የክረምቱ ዝናብ በድምሩ ሲታይ ያን ያህል አልጎደለም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የዝናቡ መጠን ሳይሆን ጊዜው ነው። ይዘገያል፤ ወይም ጀምሮ ይቋረጣል፤ ወይም የወሩን በሁለት ቀን አውርዶ ይሄዳል። በሩቅ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ኤልኒኞ የሚባለው የውሃ መሞቅ በሚደርስበት ዓመትም ክረምቱ ብዙውን ጊዜ ይደክማል።

የወረደውም ዝናብ ቢሆን የሚሰጠው ጥቅም በሚያርፍበት መሬት ይወሰናል። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ በማይባር ሐይቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፥ የሚጥለውን ዝናብና ከተዳፋቱ የሚታጠበውን አፈር ሲለካ ቆይቷል። እንዲህ ካለው ጥናት የምንማረው ነገር ለገበሬው አዲስ አይደለም፤ በተራቆተ ተዳፋት ላይ የወረደ ዝናብ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፥ እርከን በተሠራበትና ሣር በለበሰ መሬት ላይ የወረደው ግን ወደ ውስጥ ሰርጎ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ሰማዩ የሰጠው አንድ ሆኖ ሳለ ምድሪቱ የተቀበለችው ሁለት ይሆናል።

የማን ኃጢአት ነው?

በወሎ ዝናብ ሲዘገይ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፤ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል። ይህ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ልማድ የከበረ ነው። ሰው በራሱ ኃይል ዝናብን ማውረድ እንደማይችል፥ ፍጡር መሆኑንም የሚያውቅበት ሰዓት ነውና። ጎረቤታሞች በየሃይማኖታቸው ሥርዓት ስለ አንድ ሰማይ መለመናቸውም የዚህ ምድር ጌጥ ነው።

ነገር ግን በጸሎት ፈንታ ክስ የሚገባበት ጊዜ አለ። ድርቅ ሲመጣ «ፈጣሪ ተቆጥቶብን ነው» እንላለን። ይህ አባባል የራስን ሕይወት ለመመርመር ከሆነ መልካም ነው። የተራበውን ሰው ለመውቀስ ከሆነ ግን ጌታችን ራሱ ያልተቀበለው አስተሳሰብ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው በደለኛው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው በጠየቁት ጊዜ፥ እርሱም አልበደለም ወላጆቹም አልበደሉም የሚል መልስ ነው የሰጣቸው። በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው ሰዎችም ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። የሰማዩ አባት ዝናብን ለጻድቁም ለኃጢአተኛውም እንደሚያዘንብ የነገረንም እርሱ ነው።

ደግሞም በአእምሯችን እንመርምር። የድርቅ ዓመት በመጣ ቁጥር የሚሞተው ማን ነው? በሹመት ያለው አይደለም፤ ጎተራው የሞላውም አይደለም። መሬት የሌለው ጭሰኛ፥ ልብሱን የሚገዛው ሰው ያጣ ሸማኔ፥ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር፥ ጡት የምታጠባ እናትና ሕፃኗ ናቸው። ረሃብ የእግዚአብሔር ቁጣ ቢሆን ኖሮ፥ ቁጣው ሁልጊዜ ድሃውን መርጦ የሚወርድ ነውን? እንዲህ ብሎ ማመን ስለ ድሃው ብቻ ሳይሆን ስለ እግዚአብሔርም ሐሰት መናገር ነው።

ደሴ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ዓለም ስለ ረሃብ ያለውን አሳብ ከለወጡት ጥናቶች አንዱ የተደረገው በእኛው በወሎ ላይ ነው።

በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ ደከመ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ቀረ። ረሃቡ በወሎ ተነሥቶ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ፤ የሟቾቹ ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው የሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፤ ዝናብ ስለ ጠፋ እህል ጠፋ የሚል ነው።

ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ምክንያት መረመሩት። ያገኙትም የሚያሳዝን ነገር ነበር። የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት በዚያን ጊዜ የቀነሰው ጥቂት ነው። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት ብዙም አልጨመረም ነበር። እንዲያውም ወሎ በረሃብ ላይ ሳለች ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። መንገድ አልነበረም እንዳይባልም፥ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና በደሴ መካከል የሚያልፍ ነው። የተራቡት ሰዎች በዚሁ መንገድ ዳር ቆመው የሚያልፈውን መኪናና አውቶቡስ እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ። በሬውን ወደ ገበያ ሲያወጣ ሁሉም በሬውን አውጥቶ ስለ ነበር የበሬ ዋጋ ወደቀ። የሸማኔውን ጋቢ የሚገዛ አልተገኘም፤ አገልጋዮች ከቤት ተሰናበቱ። አፋሮችም፥ በደረቅ ወራት ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት የአዋሽ ዳር መሬት ለጥጥ እርሻ ተወስዶባቸው ስለ ነበር፥ ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አጡ። እህሉ በገበያ ነበረ፤ የጠፋው ሰው እህሉን የሚያገኝበት አቅም ነው። ሴን እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ካገኙባቸው ሥራዎች መካከል ይህ በረሃብ ላይ ያደረጉት ጥናት ይገኝበታል። ለእኛ ግን ነገሩ ከሽልማት በላይ ነው፤ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ምስክርነት ነውና።

ከዚህም በላይ የከፋው ዝምታው ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በወሎ ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው በዋና ከተማይቱ ሲያሳዩ፥ ባለሥልጣናቱ ነገሩን መሸፈን መረጡ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ዓለም ሁሉ ሰማ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አንድ ዓመት ሳይሞላው ወደቀ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ዝናቡን የከለከለው ሰው አልነበረም። የተራበውን ሰው ጩኸት የከለከለው ግን ሰው ነበር።

የሚያውቅ ሰው ዕዳ

ሊታሰብ የሚገባው ሁለተኛው ነገር ማወቅ ነው። ያላወቀ ሰው ይቅርታ ሊደረግለት ይችላል፤ አውቆ ዝም ያለ ግን ምን ይመልሳል?

ከዚያ ረሃብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ስለ ነበር፥ ሁለተኛው ታላቅ ረሃብ ድንገት አልመጣም። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሽ አገሮች ታላቅ አደጋ እየመጣ መሆኑን አስታውቆ እህል ጠይቋል። ለጋሾቹ አመነቱ። በአገር ውስጥ ጦርነት ነበረ፤ መንግሥትም በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ይሰናዳ ነበር። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በዚያ ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተላከው የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ ዓለምን ሲያነቃ፥ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ነበር። የሟቾቹ ግምት ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። በማስጠንቀቂያውና በእህሉ መምጣት መካከል ያለፉት ወራት የማን ናቸው? የሰማዩ አይደሉም።

በ2007 ዓ.ም. ደግሞ እጅግ ብርቱ ከሆኑት ኤልኒኞዎች አንዱ ደረሰ። በብዙ አካባቢ በልጉም ክረምቱም ከሸፈ። በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጸ። ችግሩና ሥቃዩ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ነበረ፤ መንግሥትም ከራሱ ካዝና ገንዘብ አወጣ፤ የእርዳታ ድርጅቶችም ቀድመው ተዘጋጅተው ነበር። ዝናቡ ያው ጠፊ ዝናብ ሆኖ ሳለ ፍጻሜው ግን የተለየ ሆነ። ይህ ልዩነት የሰው ድርሻ የቱን ያህል እንደ ሆነ ይለካልናል።

ተቃራኒውንም በገዛ ከተማችን አይተናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፥ በኮምቦልቻ የነበሩ የእርዳታ ምግብ መጋዘኖች ተዘረፉ። ከተዘረፈው መካከል በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የተቀመጠው አልሚ ምግብ ይገኝበት ነበር፤ በሁለቱም ከተሞች የምግብ እደላው ተቋረጠ። ያን እህል ድርቅ አልወሰደውም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ዮሴፍ ስለ ሰባቱ የጥጋብና ስለ ሰባቱ የረሃብ ዓመታት ባወቀ ጊዜ ዕውቀቱን ወደ ጎተራ ለወጠው። ይህን ሁላችንም ለልጆች እናስተምራለን። የታሪኩን መጨረሻ ግን ብዙ ጊዜ እንዘልለዋለን። ግብፃውያን እህሉን ለማግኘት አስቀድመው ገንዘባቸውን፥ ቀጥሎ ከብቶቻቸውን፥ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሸጡ። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ነጻነታቸው ግን ሄደ። እንግዲህ ጎተራ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ ጎተራው የተራበውን ሰው ሰውነቱን ሳያስከፍል የሚመግብ መሆን አለበት።

ከእኛ በላይና ከእኛ በታች

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መንግሥታትና ስለ መጋዘኖች ነው። አንባቢው «እኔ ምን አለኝ?» ሊል ይችላል። ለዚህ መልስ ቦርከና ወንዝ ይበቃል።

ቦርከና ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ በደሴ በኩል ያልፋል፤ በገደሉ ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያም የጨፋን ሜዳ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይገባል። በደረቅ ወራት የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ሣርና ውሃ ፍለጋ ወደ ጨፋ ይመጣሉ። ስለዚህ በደሴ ወደ ወንዙ የተጣለ ቆሻሻ የኮምቦልቻ ሰው ይቀበለዋል፤ ከኮምቦልቻ የወጣውም የጨፋ ከብት ይጠጣዋል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች በኮምቦልቻ በፋብሪካዎች አጠገብ በሚያልፉ ጅረቶች ውስጥ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ደግሞ ወንዙ ስለሚቀንስ ቆሻሻው ይበዛበታል። የላይኛው ሰው ለታችኛው የሚተርፈውን ጥቂት ውሃ እንኳ ካበላሸበት፥ ድርቁን ሁለት ጊዜ አመጣበት ማለት ነው።

ባልንጀራዬ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ቀላል መልስ አለው፤ ከእርሱ በታች ያለው ነው። የታችኛውን ሰው ስሙን አያውቀውም፤ ፊቱንም አላየውም። ነገር ግን ውሃው ሁለቱን ያገናኛቸዋል።

እኛም በተራችን የታችኞች የምንሆንበት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። አገራችን ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት ወደ አየር ከሚገባው የዓለም የካርቦን ጋዝ ያላት ድርሻ ከመቶ 0.1 እጅ እንኳ አይሞላም። በጭሱ ያልበለጸገ ገበሬ በጭሱ ሙቀት ይጎዳል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክት፥ ንጹሕ ውሃ ማግኘት የሰው ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን፥ የበለጸገውም ዓለም ለድሃው ዓለም ዕዳ እንዳለበት ያስተማሩት ስለዚህ ነው። ይህን ዕዳ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም በላያችን ያሉት ስለ በደሉን በበታቻችን ያሉትን ለመበደል ፈቃድ አላገኘንም። ታላላቆቹን አገሮች በምንከስበት አፋችን ስለ ቦርከናም መናገር ይገባናል።

ለልጁ የሚሰጥ መልስ

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ እመለሳለሁ። ዛሬ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?

አስቀድሜ አባቱ እንዳልበደለ እነግረዋለሁ። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በድርቅ ዓመት ሕፃናት ከእንጀራ ጋር ሌላ ነገርም ያጣሉ፤ ይኸውም አባታቸው ብርቱና ቅን ሰው ነው የሚለው እምነታቸው ነው። በሬውን የሸጠ አባት በልጁ ፊት በደለኛ ሆኖ እንዳይታይ ማድረግ የመምህር ሥራ ነው።

ቀጥሎ ዝናብ የሚቀርበት ምክንያት በነፋስና በባሕር ውስጥ እንዳለ፥ እግዚአብሔርም ይህን ሥርዓት እንድንመረምርበት አእምሮ እንደ ሰጠን አስረዳዋለሁ። በመጨረሻም ዝናብ መቅረቱና ሰው መራቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እነግረዋለሁ። በመጀመሪያው ማንም ላይ ፈርዶ መናገር ያስቸግራል። በሁለተኛው ግን ሰው ሁሉ በተሰጠው መጠን ይጠየቃል፤ ብዙ ያወቀ ብዙ፥ ጥቂት ያወቀም ጥቂት።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ ከእኛም የሚጠበቅ ድርሻ አለ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በዓመት ሦስት ጊዜ፥ ለበጋ፥ ለበልግና ለክረምት፥ የወቅት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ትንቢት አይደለም፤ ዝናቡ ከመደበኛው በላይ፥ መደበኛ ወይም ከመደበኛው በታች የመሆን ዕድሉን የሚናገር ነው። ሊሳሳትም ይችላል። ይሁን እንጂ በልግ ሊደክም እንደሚችል በጥር የሰማ ገበሬ ሁለት ፍየሎችን ገና ዋጋ ሳሉ ሊሸጥ፥ ቶሎ የሚደርስ ዘር ሊያዘጋጅ፥ በሬውንም ሊያተርፍ ይችላል። በግንቦት የሰማው ግን በሬውን በፍየል ዋጋ ይሸጣል። ይህን ወሬ ከቅዳሴ በኋላ ከቁምስናው ማስታወቂያ ጋር ማንበብ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ማንበብ ለማይችለው ጎረቤት፥ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፥ ደጁ ድረስ ሄዶ መንገርስ?

በአንድ የገጠር ቤት ያገኘኋቸው አረጋዊት እናት ስለ 1966 ዓ.ም. ሲያወሩ፥ ከሁሉ ይልቅ የማይረሱት ነገር ረሃቡን እንዳልሆነ ነገሩኝ። የማይረሱት፥ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ከተማ መጥተው በመንገድ ዳር ሲቀመጡ፥ በአጠገባቸው ያለው ገበያ እንደ ወትሮው መዋሉን ነው። እህሉ ተሰፍሯል፤ ሰው ይገዛል፤ ሰው ይሸጣል። ያለፈባቸው ሰው ሁሉ ክፉ ሰው አልነበረም። ዝናብ ስለ ቀረ የመጣ መከራ ነው፥ ምን ይደረጋል ብሎ የሚያዝን ሰው ነበር።

ይህ «ምን ይደረጋል» የሚለው ቃል ነው ሊያስፈራን የሚገባው። በሚቀጥለው በልግ ቀና ብለን ሰማዩን ስንመለከት እንጸልይ፤ ጸሎታችንንም አናቋርጥ። ከጸሎቱ በኋላ ግን ዓይናችንን ዝቅ አድርገን በመንገዱ ዳር የተቀመጠውን እንይ። ሰማዩን እግዚአብሔር ለራሱ አኑሮታል፤ መንገዱን ግን ለእኛ ሰጥቶናል።